ገበታችን ስኳራችንን ስንት ያደርሰዋል? ለባሕር ዳር ሰው የሁለት ሳምንት መመሪያ

ባለፈው ዓመት ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ በዚያው የደም ስኳሬን ለመለካት ጣቴን ወጉኝና «117» አሉኝ። በባዶ ሆድ ነበርኩ። ነርሷ «ጠርዙ ላይ ነህ፣ ጣፋጭ ቀንስ» ብላኝ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች። እኔ ደግሞ ኬክ አልወድም። ለስላሳ የምጠጣው ሠርግ ላይ ነው። ታዲያ ምኑን ልቀንስ?

መልሱን ያገኘሁት ከራሴ መሶብ ነው። አንዲት ትንሽ የስኳር መለኪያና አንድ የተማሪ ደብተር ይዤ ሁለት ሳምንት ስለካ ከረምኩ። ያደረግሁትን በተራ ላስቀምጠው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ ባለበት ከቀጠለ ስኳር ይወርዳል፤ መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ በፈጠነ ሁኔታ ሰው ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምረው ዓይነት 1 የሚባለው ስኳር በአመጋገብ የሚመጣ አይደለም። የዚያ ልጅ እናት «ከረሜላ አብዝቼበት ነው» እያለች ራሷን ባትወቅስ ደስ ይለኛል። እዚህ የማወራው ስለ ዓይነት 2 እና ወደ እሱ ስለሚወስደው መንገድ ነው።

1. ቁጥራችሁን እወቁ

ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳትበሉ ጠዋት ተመርመሩ። ውሃ መጠጣት ይቻላል። ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ጠርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጠርዙን ከ110 ስለሚጀምር ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ቢሏችሁ አትደናገጡ። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ከተደገመ የስኳር በሽታ ነው። የጣት ምርመራ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ማረጋገጫው ከደም ሥር ተቀድቶ ላቦራቶሪ የሚገባው ደም ነው።

ሰው «የሦስት ወር ስኳር» የሚለው ምርመራም አለ። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ጠርዝ ነው፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ በሽታው ነው። የአንድ ቀን ጾም አያታልለውም፤ ለምርመራው ዋዜማ ብቻ ጎመን የምንበላ ሰዎች እዚህ ላይ እንያዛለን።

መለኪያችሁ 6.5 ወይም 8 የመሰለ ትንሽ ቁጥር በሌላ አሃድ (ሚሊሞል በሊትር) ካሳየ ከሦስት ወሩ ጋር አታምታቱት። በ18 አባዙትና የለመዳችሁትን ቁጥር ታገኛላችሁ።

2. የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትቀይሩ

ይሄ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ቁጥር የሰማ ሰው በማግስቱ እንጀራ ትቶ ቆስጣ ብቻ ሊበላ ይነሣል፤ በአሥረኛው ቀን ደግሞ የተወውን ሁሉ ከነወለዱ ይበላዋል። አትቸኩሉ። እንደ ወትሯችሁ ብሉ፣ ግን ጻፉ። ምን እንደበላችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከምን ጋር። ቡናውን፣ ቆሎውን፣ ቢሮ ውስጥ የዞረውን ብስኩት ሁሉ።

የመለኪያው ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት ቁራጭ) ውድ ነው። ስለዚህ በየምግቡ አትለኩ። አዘውትራችሁ የምትበሏቸውን ሦስት ምግቦች ምረጡ። ለእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ትለካላችሁ፦ ልትበሉ ስትሉ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ። ምሳ የጀመራችሁት ሰባት ሰዓት ላይ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ፤ ሁለት ሰዓት በጨዋታ መሐል ሳይታወቅ ያልፋል።

ከመወጋታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና አድርቁ። አንድ ቀን 241 አየሁና ልቤ ቀጥ አለች። ማንጎ ልጬ ጣቴን ጠርጌ ብቻ ነበር የለካሁት። ታጥቤ ስደግመው 128። የምትወጉት የጣታችሁን ጎን ይሁን፣ መሐሉ ያማል። መርፌውን ከማንም ጋር አትጋሩ፣ ከባል ከሚስትም ቢሆን። የስትሪፑን ቆርቆሮ ክፍት አትተዉ፣ እርጥበትም የባሕር ዳር የመጋቢት ሙቀትም ያበላሸዋል።

የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 በታች ይመለሳል። በሽታው ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግብ ከ180 በታች ነው። የእኔ የሰኞ ምሳ ከ112 ተነሥቶ 186 ገባ። ምሳው ሽሮ ነበር። ሽሮ! ጣፋጭ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፓስታ ሁሉ ሆድ ውስጥ ተፈጭተው ሲያበቁ ስኳር ሆነው ነው ደም ውስጥ የሚገቡት። ያን ስኳር ወደ ሥጋችን እንዲገባ በሩን የሚያስከፍተው ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው። ሆድ አካባቢ ስብ ሲጠራቀም፣ ጡንቻም ሲቦዝን፣ ሰውነት በሩን ለመክፈት ይለግማል። ቆሽት ዓመታት ሙሉ ተጨማሪ እየላከ ይሸፍንልናል። እሱ የደከመ ቀን ቁጥሩ ይወጣል። ዘር አለበት፣ ዕድሜም አለበት። ቀጭን ሰውም አያመልጥም፤ «እኔ መች ወፈርኩና» ብላችሁ ምርመራውን አትዝለሉ።

3. ድርሻችሁን ከመሶቡ ለዩ

ከሁሉም ደረጃ ይሄኛው ነው ቁጥሬን ያወረደው። የተቸገርኩበትም እሱ ነው።

አብሮ መብላት ደስ ይላል፤ ስንት እንደበላችሁ ግን ማንም አያውቅም። ከዳር ከዳር እየቆረሳችሁ፣ ጥቅሉን እየዘረጋችሁ፣ በመጨረሻ ወጥ የጠጣው ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ይቀራል። እሱ ደግሞ ከሁሉም ይጣፍጣል! ያንን ማንም እንደ እንጀራ አይቆጥረውም። እኔ «አንድ እንጀራ ነው የምበላው» እል ነበር። ለየት አድርጌ ሳይ አንድ ከግማሽ ያልፋል።

እንዲህ አድርጉ። ለአንድ ሳምንት ብቻ በራሳችሁ ሳህን ብሉ። ቤተሰቡ ካልተቀየመ እዚያው ትሪው ላይ ድርሻችሁን ከፊታችሁ አስቀምጡ። አንድ እንጀራ አራት ቦታ ቁረጡና ሁለቱን እጅ ውሰዱ። ሳህኑን በዓይናችሁ ክፈሉት፦ ግማሹ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ ይሁን። ሩቡ ምስር፣ ክክ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ። የቀረው ሩብ የእንጀራው ቦታ ነው። ድንችና ካሮት በጥቅል ጎመን አልጫ ውስጥ ሲገቡ ድንቹ ከእንጀራው ወገን መሆኑን አትርሱ። ድንች እንደ አትክልት ተቆጥሮ ሲያመልጥ ኖሯል።

ቀጥሎ ጉርሻ። አክስቴ ቤት ሄዳችሁ «በቃኝ» ማለት አይሠራም። «አፈር ስሆን» ይላሉ። አንዱን ጎረሳችሁ፣ «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛው ይመጣል። ከብዙ ሙከራ በኋላ የሠራልኝ እምቢ ማለት ሳይሆን ማዘዝ ነው፦ «አክስቴ፣ እንጀራውን አሳንሰው ዓሣውን ያብዙልኝ።» ይስቃሉ፣ ያደርጉታልም። አስተናጋጅ የሚፈልገው እንድትበሉለት ነው፤ የምትበሉትን ብትመርጡ አይከፋውም።

4. ቅደም ተከተሉን ገልብጡ

በባዶ ሆድ መጀመሪያ የሚገባው ነገር ለውጥ ያመጣል። አትክልቱንና ምስሩን ወይም ዓሣውን አስቀድማችሁ፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ ብታደርጉት፣ የበላችሁት መጠን ሳይቀየር ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። በእንጀራ ለምንበላ ሰዎች ይሄ ነገር አስቂኝ ነው፣ ማንኪያ ይጠይቃል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ሰላጣና ጎመን በሹካ እበላለሁ። ልጆቼ «አባዬ ፈረንጅ ሆነ» ይላሉ። ይበሉ።

5. እንጀራው ከምን እንደተጋገረ ጠይቁ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ ያበቅላል። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ እንጀራችን ውስጥ መግባቱ የሚጠበቅ ነው። እንጀራው ነጭ ይሆናል፣ ያምራልም። ጉዳዩ ግን ነጭ ሩዝ ገለባው ተገፎ የተፈጨ ነው፤ ፋይበሩ (አሰሩ) ስለቀረ ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል። ጤፍ በትንሽነቱ ስለማይላጥ ከነገለባው ይፈጫል። ዳጉሳም እንደዚሁ ከነቅርፊቱ ነው የሚፈጨው።

ስለዚህ የምትገዙላትን ጋጋሪ «ስንት እጅ ሩዝ አለው?» በሏት። ጥያቄው ነውር የለውም። ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ሩዙን ቀንሳችሁ ዳጉሳ ጨምሩበት፤ በጎጃም ዳጉሳ ከጤፍ ርካሽ ነው፣ ለኪስም ይስማማል። ሁለቱንም በየተራ በአንድ ዓይነት ወጥ፣ በአንድ መጠን በልታችሁ ለኩ። የእኔ ልዩነት ወደ ሠላሳ ገደማ ነበር። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ መለኪያው ስለዚህ ነው የሚገዛው።

አንድ ወሬ ልቁረጥ። «ቀይ ጤፍ ስኳር የለውም» ይባላል። ቀይም ይሁን ነጭ ጤፍ አብዛኛው ስታርች ነው። ቀይ ስለሆነ ሁለት እንጀራ አይፈቅድም። የፉርኖ ዳቦን በተመለከተ ብዙ አላወራም፤ ቁርስ ላይ ሁለት ዳቦ በሻይ የምትበሉ፣ ለኩና ራሳችሁ እዩት።

6. ሐይቁና ጎጃም የሰጡንን ተጠቀሙ

ቀረሶም ይሁን አምባዛ፣ ዓሣ ውስጥ ስታርች የለም። በራሱ ስኳር አያወጣም። ከተማችን ውስጥ ግን ዓሣ ማለት ተቆራርጦ በዘይት የተጠበሰ፣ በሁለት ዳቦ የሚበላ ማለት ሆኗል። ዘይቱ ክብደት ይጨምራል፣ ዳቦው ስኳሩን ያወጣዋል፣ ስሙ የሚጠፋው ግን የዓሣው ነው። ወጥ ወይም ጉላሽ አድርጋችሁ፣ ወይም በቲማቲምና በቃሪያ በትንሽ ዘይት አብስላችሁ ብሉት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቻለሁ።

ሌላው ግብጦ ነው። የአረቄ ማጣጫ ብቻ አድርገነው ኖርን እንጂ ፕሮቲኑና ፋይበሩ ብዙ፣ ስታርቹ ጥቂት ነው። ለቡና ቁርስ ከዳቦ በብዙ ይሻላል። ግን ጥንቃቄ። ግብጦ ተቆልቶ በወራጅ ውሃ ቀናት የሚዘፈዘፈው ምሬቱ መርዝ ስላለበት ነው። ምሬቱ ያልወጣለት ግብጦ አፍ ያደርቃል፣ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ምላሳችሁ ላይ ከመረራችሁ ትፉት። «መራራ ነገር ስኳርን ይገድላል» የሚሉ ሰዎች እንዳያሳስቷችሁ። የመረረ ሁሉ መድኃኒት አይደለም፣ መድኃኒታችሁን ትታችሁ ቅጠል መጠጣት ደግሞ ኩላሊትና ዓይን የሚያስከፍል ነገር ነው።

በሶ የምትወዱ፣ ገብሱ ጥሩ ነው። ስኳሩን ተዉትና በውሃና በቁንጥር ጨው በጥብጡት። ማርም አይደለም መፍትሔው። ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ እሺ፤ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ያው ስኳር ነው።

7. ስኒውንና ብርጭቆውን ቁጠሩ

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው። በአቦል ሁለት፣ በቶና ሁለት፣ በበረካ ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በአንድ ቡና 24 ግራም ጠጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ቡናው ራሱ ንጹሕ ነው። ማንኪያውን በሳምንት በግማሽ ግማሽ ቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል። ጤና አዳም ጣል ሲደረግበት ስኳሩ እምብዛም አይናፍቅም።

300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ጁስ ቤት ደግሞ «ጤናማ ነው» ብለን የምንጋተው ማንጎ በአንድ ብርጭቆ ከአንድ ፍሬ በላይ ይገባል፣ ፋይበሩ ተፈጭቶ፣ ላዩ ላይ ስኳር ተጨምሮበት። የአቮካዶ ጁስ ሲሆን አቮካዶው ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያጣፍጠው የተጨመረው ነው። «ያለ ስኳር» በሉ፣ ከመፍጨታቸው በፊት። ማንጎ ከፈለጋችሁ አንዱን ልጣችሁ አኝካችሁ ብሉት።

ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ወስዳችሁ በባዶ ሆድ አትጠጡ። ሌሊት ስኳር ወርዶ ራሱን የሳተ ሰው «ሰክሮ ነው» ተብሎ ይተዋል።

8. ከምሳ በኋላ ተነሡ

ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ብዙ ኢንሱሊን ሳይፈልግ ስኳር ይወስዳል። ስለዚህ ከበላችሁ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ከማንኛውም ሻይ ይበልጣል። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ዛፍ አላት፣ የሐይቁ ዳር አለ። ለሦስት መቶ ሜትር ባጃጅ የምንጠራ ሰዎች ሆነናል፤ በፊት የብስክሌት ከተማ ነበርን። በሳምንት 150 ደቂቃ የሚባለውን ግብ ከምሳ በኋላ በምትራመዷት በዚህች ብቻ ከግማሽ በላይ ትሞሉታላችሁ።

9. ለጾም አስቀድማችሁ ተዘጋጁ

የጾም ምግብ ጥራጥሬና አትክልት ስለሆነ ለስኳር ይመቻል። የሚያበላሸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቆይቶ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ሁለት እንጀራና በሦስት ማንኪያ የጣፈጠው ሻይ ነው። ስትፈቱ በውሃና በምስር ወይም በሰላጣ ጀምሩ። ረመዳን የምትጾሙም እንደዚሁ፦ አንድ ሁለት ተምር፣ ውሃ፣ ሾርባ፤ ሳምቡሳው ይቆይ።

መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሳምንታት ቀድሞ ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ። መጠኑና ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ለሕሙም ሥርዓት አለ፣ የሚያፍር ሰው ግን አይጠይቅም።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ጾሙ እዚያው ያብቃ። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ፣ ካልወጣ ድገሙት፣ ሲስተካከል ምግብ ብሉ። መለኪያ ከሌለ ሳትለኩም ጠጡ። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። በተቃራኒው ስኳሩ ወጥቶ ትውከት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ ድብታ ከታየም ቀጠሮ አይጠበቅም።

10. ሁለተኛው ሳምንትና ከዚያ በኋላ

በሁለተኛው ሳምንት እነዚያኑ ሦስት ምግቦች ድገሙ፣ በየምግቡ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ። አንዱ ላይ መጠኑን፣ አንዱ ላይ ዱቄቱን፣ ሌላው ላይ ከምግብ በኋላ ያለውን መንገድ። ሦስቱንም በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የእኔው ሽሮ በግማሽ እንጀራና በጎመን 143 ላይ ቆመ። ያንኑ ሽሮ ነው፣ ያንኑ ድስት።

የሠራላችሁን ያዙ፣ ያልሠራውን ተዉ፣ በሦስተኛው ወር የሦስት ወር ስኳር ተመርመሩ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም «ምን ትበላለህ?» ሲል «ያገኘሁትን» ከማለት ይሻላል። እኔ ይዤ ስሄድ ያችው ነርስ ነበረች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች፣ የእንጀራዎቹ ቁጥር ላይ ቆየች።

«ይሄን የዳጉሳውን» አለችኝ፣ «ከየትኛዋ ጋጋሪ ነው የምትገዛው?»